አንድ ሚሴል፣ አንድ ቅንጣት? ማዕድን ስለሚሸከም የካርቦን ቅንጣት አሠራር የቀረበ ሂስ

በኬሚስትሪ መጽሔቶች ላይ ደጋግሞ የሚነበብ አንድ አባባል አለ። ቃሉ ከጸሐፊ ወደ ጸሐፊ ጥቂት ይለዋወጣል እንጂ አሳቡ ያው ነው፤ ይኸውም ማዕድኑ በሚሴል ውስጥ ተከቶ ስለ ነበር በእሳት ጊዜ ከጎረቤቱ ጋር ሳይቀላቀል ቀረ የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን አባባል ነው። ሐሰት ነው አንልም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሳይመሰከርለት የሚታለፍ መሆኑን፣ ምስክር ሆኖ የሚቀርበውም ፎቶግራፍ ሊመሰክር የማይችለውን እንዲመሰክር የተጠራ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

ነገሩን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከባልንጀሮቻችን መካከል ለመመረቂያ ጥናታቸው ይህን አርእስት ለመያዝ የሚያስቡ አሉ። ብሎክ ኮፖሊመር ደግሞ ውድ ዕቃ ነው፤ ቢገዙት በጥቂት ግራም የሚሸጥ፣ ቢሠሩት አየር እንዳይገባበት መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ነው። አንድ ተማሪ ዓመት ሙሉ ደክሞ ያገኘው ቅንጣት ያለ ሚሴልም ይገኝ እንደ ነበር በመጨረሻ ቢነገረው፣ ድካሙን የሚመልስለት የለም። ስለዚህ ጥያቄው አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

ስለ ቃላቱ ጥቂት እንበል። በቋንቋችን ብረት የሚለው ቃል አንዱን ንጥረ ነገርም፣ ጠቅላላውን ወገንም ስለሚያመለክት፣ እኛ ወገኑን ማዕድን ብለን፣ ብረት የሚለውን ለአንዱ ንጥረ ነገር ብቻ ትተነዋል። ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ብሎክ ኮፖሊመር ማለት ሁለት ዐይነት ሰንሰለቶች ጫፍ ለጫፍ የተቀጠሉበት ረጅም ሞሌኪውል ነው። ከሁለቱ ሰንሰለቶች አንዱን ብቻ በሚያሟማ ፈሳሽ ውስጥ በገባ ጊዜ፣ የማይሟማው ወገን ወደ ውስጥ ይሸሻል፤ የሚሟማው ወደ ውጭ ይዘረጋል፤ እንደዚህም ብዙ ሞሌኪውሎች ተሰብስበው አንዲት ድቡልቡል ነገር ይሠራሉ። ሚሴል የምትባለው ይህች ናት። ሳሙናም በውሀ ውስጥ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ የኮፖሊመሯ ሚሴል እንደ ሳሙናዋ በየቅጽበቱ የማትፈርስና የማትሠራ መሆኗ፣ መጠኗም ሰንሰለቱን በማስረዘምና በማሳጠር የሚወሰን መሆኑ ነው። ሰንሰለትን በልክ መቀጠል የተቻለው ማይክል ሽዋርክ በ1956 ሕያው ብሎ የሰየመውን የፖሊመር አሠራር ከገለጠ ወዲህ ነው፤ በዚህ አሠራር ሰንሰለቱ የመጀመሪያው ምግብ ሲያልቅበት ሳይሞት ይቆይና ሁለተኛውን ሲያገኝ ማደጉን ይቀጥላል። በ1995 ደግሞ በጃፓን ሳዋሞቶ፣ በአሜሪካ ማቲያሼቭስኪ ከየባልደረቦቻቸው ጋር ጥንቃቄው ቀለል ያለ ሌላ መንገድ ከፈቱ። ከዚያ ወዲህ ሚሴል መሥራት የጥቂት ሊቃውንት ብቻ ሥራ መሆኑ ቀረ።

አሁን ወደ ሂሱ እንግባ። በጽሑፎቹ ውስጥ ሚሴሏ ፎርማ ተብላ ትጠራለች። ፎርማ ሸክላ ሠሪውም ጫማ ሰፊውም የሚያውቀው ዕቃ ነው፤ ሥራውም አንድ ነው። ሚሴሏን ግን በልዩ ልዩ ጽሑፎች ውስጥ ፈጽሞ የማይገናኙ ሥራዎች ስትሠራ እናገኛታለን። በ2004 በኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሼንግ ዳይና ባልደረቦቹ ፖሊስታይሪንና ፖሊቪኒልፒሪዲን የተቀጠሉበትን ኮፖሊመር ከሬዞርሲኖልና ከፎርማልዴሃይድ ጋር አዋሕደው፣ ቀዳዳዎቹ በሥርዓት የተደረደሩ ስስ የካርቦን ገጽ ሠርተዋል። በዚያ ሥራ ካርቦን የሆነው ከሬዞርሲኖሉና ከፎርማልዴሃይዱ የተገኘው ሙጫ ነው፤ ኮፖሊመሩ ተንኖ ሄዶ የተወው ቀዳዳውን ነው። በዚያው ዓመት ከካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የወጣው የማቲያሼቭስኪና የኮቫሌቭስኪ ጓዶች ጽሑፍ ግን ሌላ ነገር ነው። እነርሱ እምብርቷ ፖሊአክሪሎናይትራይል፣ ልባሷ ፖሊአክሪሊክ አሲድ የሆነች ሚሴል በውሀ ውስጥ ሠርተው፣ ልባሱን በኬሚካል አስተሳስረው አከሰሏት። በዚህ ቀዳዳ የለም፤ ራሷ ሚሴሏ ካርቦን ሆነች። ከሁለቱም የሚለይ ሦስተኛ ሥራ አለ፤ እርሱም ሚሴሏ ማዕድኑን ተሸክማ ወደ ስፍራው ካደረሰች በኋላ ያለ ርዝራዥ የምትጠፋበት ነው። እነዚህን ሁሉ በአንድ ስም መጥራት የአጠራር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላስቸገረን ነበር። ችግሩ በአንዱ የተገኘው ማስረጃ በስሙ ተሳቦ ወደ ሌላው መሻገሩ ነው።

ዋናው ማስረጃ የተገኘው በሦስተኛው ሥራ ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት በጀርመን አገር በኡልም ዩኒቨርሲቲ ሽፓትስና ሞለር ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ ፖሊስታይሪንና ፖሊቪኒልፒሪዲን የተቀጠሉበትን ኮፖሊመር በቶሉዊን አሟሙ። የፒሪዲኑ ወገን ቶሉዊንን ስለማይወድ ወደ ውስጥ ገባ። ወርቅ ያለበትን አሲድ ሲጨምሩበት ፒሪዲኑ አሲዱን ያዘው፤ ስለዚህ ወርቁ በየሚሴሉ እምብርት ገባ። ከዚያ ልሙጥ ገጽ በፈሳሹ ውስጥ ነክረው በዝግታ ሲያወጡት ሚሴሎቹ እንደ ማር እንጀራ ቤቶች ስድስት ጎን እየያዙ በአንድ ረድፍ ተደረደሩ። በመጨረሻ በፕላዝማ ፖሊመሩን አጠፉት፤ በእያንዳንዷ ሚሴል ስፍራም አንዲት የወርቅ ነጥብ ቀረች። በሰንሰለቱ ርዝመትና በወርቁ ልክ የነጥቧን መጠንና የጎረቤቷን ርቀት መወሰን ተቻለ። ይህ ሥራ የሚደነቅ ነው፤ አንድ ሚሴል አንድ ቅንጣት የሚለው አባባልም በዚህ ስፍራ እውነት ነው።

ነገር ግን ለምን እውነት እንደ ሆነ እንመልከት። ሚሴሎቹ በገጹ ላይ ተለያይተው የተቀመጡ ናቸው፤ አንዱ በሌላው ላይ አልተጫነም። ፕላዝማውም እቶን አይደለም፤ ፖሊመሩን የሚበላው ቅንጣቷን ከስፍራዋ የሚያስለቅቅ ሙቀት ሳይነሣ ነው። በመካከል ያለው ቦታ ባዶ ነው። የካርቦን ቅንጣት ለመሥራት ግን ሚሴሎቹ ደርቀው ዱቄት ይሆናሉ፤ እያንዳንዷ ከብዙ ጎረቤቶች ጋር ተጣብቃ በገንቦ ውስጥ እንዳለ ጤፍ ትቀመጣለች፤ ከዚያ ወደ 800 ወይም 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትገባለች። የኡልም ሰዎች ካሟሏቸው ሁኔታዎች መካከል በዚህ አንዱም አልተሟላም። እንዲህ ሆኖ ሳለ የኡልምን ሥራ ጠቅሶ ማዕድኑ በየሚሴሉ ታስሮ ይቀራል ማለት፣ የቆላን ዝናብ ለክቶ ስለ ደጋ ዝናብ እንደ መጻፍ ነው።

በእቶኑ ውስጥ የሚደርሱት ነገሮች ሁለት ናቸው፤ እነርሱም መለያየት አለባቸው። አንደኛው ካርቦን ከካርቦን መጣበቁ ነው። ፖሊስታይሪን ከ300 ዲግሪ በላይ እየፈረሰ ተንኖ ይሄዳል፤ ካርቦን ብሎ የሚተወው ነገር ከምንም አይቈጠርም። ፖሊአክሪሎናይትራይል ግን ልዩ ጠባይ አለው። በአየር ውስጥ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ቀስ ተብሎ ቢሞቅ በሰንሰለቱ ጎን ያሉት የካርቦንና የናይትሮጅን ጥንዶች እርስ በርስ ተያይዘው እንደ መሰላል ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ አይቀልጥም። ለካርቦን ክር የተመረጠውም በዚህ ምክንያት ነው፤ በጃፓን ሺንዶ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሥራውን የጀመረው በዚሁ ዕቃ ነበር። በነገራችን ላይ ይህ ከአገራችን ከሰል አክሳይ ሥርዓት ጋር ሲነጻጸር ደስ የሚል ተቃርኖ አለው፤ ከሰል አክሳዩ እሳቱ ከተያያዘ በኋላ እንጨቱን በአፈር ደፍኖ አየር ሲከለክል፣ ፖሊመሩ ግን በመጀመሪያ አየር እንዲያገኝ ይፈቀድለትና መሰላሉ ከተሠራ በኋላ በናይትሮጅን ይዘጋበታል። መሰላሉ ሳይሠራ የቸኰለ ሰው ግን ሚሴሎቹ ለስልሰው አንድ ጓል ሆነው ያገኛቸዋል። የካርኔጊ ሜሎን ሰዎች ልባሱን ማስተሳሰራቸው ስለዚህ ነው፤ ዘዴውን ዎሊ የተባለችው ኬሚስት በ1996 በሴንት ሉዊስ ከባልደረቦቿ ጋር ያሳየችው ነበር። እኛ የ2004ቱን ጽሑፍ የምናከብረው በፎቶግራፉ ማማር ሳይሆን፣ መጣበቅ እንደሚመጣ አስቀድሞ አውቆ መድኀኒቱን በማሰናዳቱ ነው። ሆኖም ጽሑፉ ስለ ካርቦኑ እንጂ ስለ ማዕድን አይደለም፤ ስለ ማዕድንም ምስክር ተደርጎ ሊጠራ አይገባውም።

ሁለተኛው የማዕድኑ መንቀሳቀስ ነው። ታማን በተባለው የጀርመን ኬሚስት ስም የሚጠራ አንድ ግምት አለ። የአንድ ማዕድን አቶሞች ከስፍራቸው በደንብ መንቀሳቀስ የሚጀምሩት ሙቀቱ በኬልቪን ተቈጥሮ የመቅለጫውን ግማሽ ያህል ሲደርስ ነው ይላል። በዚህ ሒሳብ ወርቅ በ395 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ብረት በ632፣ ፕላቲንም እንኳ በ748 ገደማ መንቀሳቀስ ይጀምራሉ። ቅንጣቱ በጣም ሲያንስ ደግሞ ከዚህም በታች ነው። እንግዲህ እቶኑ 900 ሲደርስ ከሦስቱ አንዱም ተቀምጦ የሚጠብቅ የለም። በብረት፣ በኮባልትና በኒኬል ላይ ሌላም ነገር ይጨመራል፤ እነዚህ ካርቦንን ያሟማሉ። የካርቦኑን ግድግዳ እየበሉ ይሄዳሉ፤ በኋላቸውም ግራፋይት እየተፉ ያልፋሉ። አሳሪ የተባለው ግድግዳ ለእስረኛው ምግብ ሆነ ማለት ነው።

ይህ መንቀሳቀስ እየደረሰ በፎቶግራፍ ላይ ሳይታይ የሚቀርበትን ምክንያት በቀላል ሒሳብ ማስረዳት ይቻላል፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብም እርሱ ነው። ከ100 ሰንሰለቶች የተሠራች ሚሴል አለች እንበል፤ በእያንዳንዱ ሰንሰለት 200 ፒሪዲን፣ ለሁለት ፒሪዲን አንድ የወርቅ አቶም ቢደርስ በእምብርቷ 10,000 የወርቅ አቶሞች አሉ። እነዚህ ወደ አንድ ኳስ ቢሰበሰቡ፣ ከወርቅ ክብደት እንደሚሰላው የኳሱ ስፋት 6.9 ናኖሜትር ያህል ነው። የሁለት ሚሴሎች ወርቅ ቢቀላቀልስ? 13.8 አይሆንም፤ 8.6 ብቻ ነው። መጠን እጥፍ ሲሆን ስፋት የሚያድገው በአንድ አራተኛ ገደማ ብቻ ነውና። ስፋቱ እጥፍ እንዲሆን 8 ሚሴሎች ወርቃቸውን ማዋሐድ አለባቸው። በካርቦኑም ዘንድ እንዲሁ ነው። 30 ናኖሜትር የነበረች የፖሊአክሪሎናይትራይል እምብርት ግማሽ ክብደቷ ቢቀርና ካርቦኑ ከፖሊመሩ የጠበቀ መሆኑ ቢታሰብ፣ ከእቶን 21 ናኖሜትር ገደማ ሆና ትወጣለች። ሁለት ተጣብቀው አንድ ቢሆኑ 26 ይሆናሉ።

አሁን አንድ ጽሑፍ የቅንጣቶቹ ስፋት 23 ናኖሜትር፣ ወዲህና ወዲያ 4 ነው ብሎ ቢያቀርብ አንባቢው ምን ይደመድማል? ብዙው ሰው ቅንጣቶቹ አንድ ዐይነት ናቸው፣ ሚሴሏ ሥራዋን ሠራች ይላል። በእውነት ግን ያ ቁጥር ነጠላዎቹንም ጥንዶቹንም በአንድነት ሊያቅፍ ይችላል፤ ከቅንጣቶቹ ሲሶዎቹ ጥንዶች ቢሆኑ እንኳ በአማካዩ ውስጥ ተሸሽገው ያልፋሉ። ስለዚህ የስፋት አማካይ መለያየትን አያስረዳም። የሚያስረዳው ቈጠራ ነው፤ ስንት ሚሴል ወደ እቶን ገባ፣ ስንት ቅንጣት ወጣ? የመጀመሪያው ቁጥር ከፖሊመሩ ክብደትና በአንዲት ሚሴል ውስጥ ካሉት ሰንሰለቶች ቁጥር ይገኛል፤ ሁለተኛው ከካርቦኑ ክብደትና ከቅንጣቱ መጠን ይሰላል። ሒሳቡ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። እኛ ባነበብናቸው ጽሑፎች ግን በጥቂቱ ካልሆነ በቀር አላገኘነውም።

ፎቶግራፉስ ቢሆን ምን ያህሉን ያሳያል? በአንድ ግራም ካርቦን ውስጥ ያሉት የ21 ናኖሜትር ቅንጣቶች ከ100 ሚሊዮን ቢሊዮን በላይ ናቸው። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ታይተው የሚቈጠሩት 200 ወይም 300 ናቸው። እነዚያም በዕጣ የወጡ አይደሉም፤ ዐይን የሚያርፍበት ያማረውና የተለያየው ስፍራ ነው፤ ጓሉ ወፍራም ስለ ሆነ ጨረሩ አያልፈውም፤ ስለዚህ ይታለፋል። ይህን ስንል ማንንም በማታለል አንከስም። መሣሪያው ራሱ ወደ መልካሙ ስፍራ የሚገፋ ስለ ሆነ፣ ጠቅላላውን ዱቄት በአንድ ጊዜ የሚያይ ሌላ መሣሪያ ከጎኑ መቆም አለበት ነው የምንለው። በትንሽ ማዕዘን የሚበተን የኤክስሬይ መለኪያ ይህን ይሠራል። የተለመደው የኤክስሬይ ዲፍራክሽንም ትላልቆቹን የማዕድን ቅንጣቶች አጋልጦ ያወጣል፤ በአንጻሩ እጅግ ጥቃቅኖቹንና የተበተኑትን አቶሞች አያያቸውም። ስለዚህ በዲፍራክሽን የማዕድን ምልክት አልታየም ማለት ማዕድኑ በሙሉ ተበትኗል ማለት አይደለም፤ ምናልባት ታጥቦ ሄዷል፣ ምናልባትም ከመጀመሪያው ጥቂት ነበር።

የመቶኛውም ነገር እንዲሁ ጥንቃቄ ይጠይቃል። 100 ሚሊግራም ፖሊመር 1 ሚሊግራም ብረት ይዞ ቢገባና 45 ሚሊግራም ሆኖ ቢወጣ፣ ብረቱ ሳይጨምር ሳይቀንስ 2.2 በመቶ ሆነ ይባላል። ቁጥሩ ያደገው ካርቦኑ ስለ ቀነሰ ነው። ይህን ለይቶ የማያስረዳ ሠንጠረዥ፣ የተሻለ ጭነት ተገኘ ሊያሰኝ ይችላል። በአሲድ ከታጠበ በኋላ የሚቀረውም ማዕድን ሁለት ዐይነት ነው፤ በናይትሮጅን የተያዘ አቶምና በግራፋይት ቅርፊት ተሸፍኖ አሲዱ ያልደረሰበት ኳስ። ሁለቱን በአንድ ቁጥር መጻፍ ወዳጅንና ባዕድን በአንድ መዝገብ እንደ መቍጠር ነው።

ከሁሉ የበለጠ የሚያሳስበን ግን ማነጻጸሪያው መጉደሉ ነው። ይህ ሁሉ ድካም የሚደረገው በአብዛኛው ኦክሲጅንን ወደ ውሀ ለሚለውጠው የኤሌክትሮድ ሥራ፣ በውዱ ፕላቲን ፈንታ ብረት ወይም ኮባልት ለመተካት ነው። አሳቡ ከ1964 ጀምሮ ያለ ነው፤ በዚያ ዓመት ጃሲንስኪ ኮባልት ፍታሎሳያኒን ይህን ሥራ ሊሠራ እንደሚችል አሳየ። በ2009 ደግሞ በካናዳ በኬቤክ የዶድሌ ጓዶች ብረት አሲቴትንና ፌናንትሮሊንን ከጥቁር የካርቦን ዱቄት ጋር በኳስ ወፍጮ ፈጭተው፣ በመጀመሪያ በአርጎን ከዚያም በአሞንያ አሙቀው፣ በዚያ ዘመን ሁሉን ያስደነቀ ውጤት አገኙ። በዚያ ሥራ ሚሴል የለም፤ ብሎክ ኮፖሊመርም የለም። የተፈጨ ዱቄት ነው። እንግዲህ ሚሴል ይዞ የሚመጣ ሰው፣ ያለ ሚሴል ከተሠራው ዱቄት አጠገብ ቅንጣቱን አስቀምጦ ሊያነጻጽር ይገባዋል። ብዙ ጊዜ ግን የሚነጻጸረው ጭራሽ ማዕድን ከሌለበት ካርቦን ጋር ነው፤ እንዲህ ያለው ንጽጽር ማዕድን ጥሩ መሆኑን እንጂ ሚሴል ጥሩ መሆኗን አያሳይም።

ትክክለኛው ተነጻጻሪ አስቸጋሪ አይደለም። ያንኑ ፖሊአክሪሎናይትራይል ያለ ቅጥያ፣ ያንኑ የብረት ጨው በዚያው ልክ፣ በዚያው እቶን፣ በዚያው ሰዓት ማክሰል ነው። ይህ ከሚሴሏ እኩል ከሠራ፣ ሚሴሏ ጌጥ ነበረች ማለት ነው። ካልሠራም ጸሐፊው የሚያስፈልገውን ምስክር አገኘ። ለዚህ የሚያስፈልገው ሚዛን፣ የቱቦ እቶንና የናይትሮጅን ሲሊንደር ነው፤ ታላላቅ ላቦራቶሪዎች ሳይሠሩት የሚያልፉት መሣሪያ አጥተው ሊሆን አይችልም።

አንዳንዶች በመካከሉ የሲሊካ ልባስ ጨምረው ካርቦኑ እንዳይጣበቅ ያደርጋሉ። ይህ በእርግጥ ይረዳል፤ ግን ሲሊካውን ለማስወገድ ብርቱ መርዝ የሆነው የሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ወይም የጋለ የሶዳ ውሀ ያስፈልጋል፤ አሲዱም ከሲሊካው ጋር ሊቀር ይገባ ከነበረው ማዕድን ይወስዳል። ደግሞም በዚያን ጊዜ የለየው ሲሊካው እንጂ ሚሴሏ አይደለችም፤ ምስጋናውም ለሲሊካው ይገባ ነበር።

ለኛ የበለጠ ተስፋ ያለው መስሎ የሚታየን ሌላ መንገድ ነው። ዚንክና ኢሚዳዞል ተያይዘው በሚሠሩት ክሪስታሎች ላይ የሚሠሩ ሰዎች፣ ጥቂት ብረት በብዙ ዚንክ መካከል በትነው ሲያከስሉ፣ ዚንኩ እስኪተን ድረስ ብረቱን ከብረት አራርቆ እንደሚያቆየው አሳይተዋል፤ ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላልና። ይህንኑ በሚሴል እምብርት ውስጥ መሞከር ይቻላል። ለአንድ እጅ ብረት ዘጠኝ እጅ ዚንክ አስገብቶ፣ በጎኑም ያለ ዚንክ ብረት ብቻ ያላትን ሚሴል፣ ሚሴል ያልሆነውን ተራ ፖሊመርም ከነዚንኩ አድርጎ፣ ሦስቱን በአንድ ቱቦ ውስጥ በየጀልባቸው ከ907 በላይ ማሞቅ ነው። ሦስተኛው ከመጀመሪያው እኩል ብረቱን በትኖ ካቆየ፣ ያራራቀው ዚንኩ ነው፤ ሚሴሏም ከነገሩ ትወጣለች። ዚንኩ ሲሄድ በቱቦው ቀዝቃዛ ጫፍ ላይ እንደ ግራጫ ጭጋግ ይለጠፋል። ሦስቱን ለየብቻ አድርጎ ለሚደግመው ሰው ያንን ጠርጎ መመዘን፣ ከየጀልባው ምን ያህል እንደ ወጣና ምን ያህል እንደ ቀረ ያለ ምንም ፎቶግራፍ ይነግረዋል።